ፑርኪንጄ ሴል የት ይመደባል? ስለ አንጎል የነርቭ ሴል ዓይነቶች ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «ዶክተር፣ የሁለተኛ ዓመት የጤና ተማሪ ነኝ። በአንዱ ኮርስ የነርቭ ሴል ሦስት ዓይነት ነው ተባልን፤ ስሜት ተቀባይ፣ አንቀሳቃሽና አገናኝ። በሌላው ኮርስ ደግሞ በቅርፁ አራት ነው ተባለ። ትናንት ሳነብ በአይጥ አንጎል ውስጥ ከ5,000 በላይ ዓይነት ተገኘ ይላል። የቱን ልመን? ፑርኪንጄ ሴልንስ ከሦስቱ የትኛው ውስጥ ላስገባው? የትም አልገባልኝ አለ።»

ምላሽ፦

ሰላም እህቴ። ከጠየቅሽው ሁሉ የመጨረሻዋን መስመር ወደድኳት። «የትም አልገባልኝ አለ» ማለትሽ ልክ ነው። ሳጥኖቹ የተሠሩት ለሌላ ሥራ ነበር። ስለዚህ ሴሬቤለም በተባለው የኋላው ትንሹ አንጎል ውስጥ ካለው ትልቅ የነርቭ ሴል፣ ከፑርኪንጄ፣ እንጀምር፤ ወደ 5,000ው በኋላ እንደርሳለን።

ስሜት ተቀባይ፣ አንቀሳቃሽ፣ አገናኝ የሚለው አከፋፈል የሚያምረው ህብለ ሰረሰር ላይ ነው። ሐኪም ጉልበትሽን በትንሿ መዶሻ መታ ሲያደርግ እግርሽ ብድግ ይላል። «ጡንቻው ተለጠጠ» ብሎ ዜናውን የሚያመጣ ሴል አለ። ጡንቻውን «ተኮማተር» ብሎ የሚያዝ ሴል አለ። ከጭንሽ በስተኋላ ያለው ተቃራኒ ጡንቻ እንዳይጎትት በዚያው ቅጽበት ዝም የሚያሰኝ ሴል ደግሞ መሃል ላይ አለ። ለዚህች አጭር መንገድ ሦስት ስም ይበቃል።

አሁን ወደ አንጎል ውጪ። በ2009 እ.ኤ.አ. (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በዚሁ አቆጣጠር ነው) የታተመ ቆጠራ የሰው አንጎል 86 ቢሊዮን ገደማ የነርቭ ሴሎች እንዳሉት አሳይቷል። ከእነዚህ ውስጥ ጡንቻን ራሳቸው በቀጥታ የሚያዙት በጣም ጥቂት ናቸው። ከቆዳ ወይም ከጆሮ ዜና በቀጥታ የሚያመጡት ደግሞ ብዙዎቹ ከአንጎል ውጪ ነው ያሉት። የቀሩት በሙሉ «አገናኝ» ሊባሉ ነው። የአንድን ከተማ ሕዝብ «ሹፌር፣ ዘበኛ እና ሌላ» ብሎ እንደ መመዝገብ ቁጠሪው። ስህተት የለበትም፤ ግን ስለ ከተማው ምንም አይነግርሽም።

ይባስ ብሎ «አገናኝ» የሚለው ቃል ራሱ ሁለት ትርጉም አለው። በአንደኛው ትርጉም ስሜት ተቀባይም አንቀሳቃሽም ያልሆነ ሁሉ አገናኝ ነው። በዚህ ከሄድሽ ፑርኪንጄ አገናኝ ነው። አንጎል ላይ የምንሠራ ሰዎች ግን «ኢንተርኒውሮን» ስንል አክሰኑ፣ ማለትም መልእክት የሚያወጣበት ክንዱ፣ ከሰፈሩ የማይወጣ፣ ጎረቤቶቹን ብቻ የሚያናግር ሴል ማለታችን ነው። ፑርኪንጄ ደግሞ አክሰኑን ከሴሬቤለም ቅርፊት አውጥቶ ወደ ጥልቀቱ ይልካል። እንዲያውም ከዚያ ቅርፊት ወደ ውጪ መልእክት የሚያወጣው እሱ ብቻ ነው። ስለዚህ በሁለተኛው ትርጉም ኢንተርኒውሮን አይደለም። ሁለት መምህራን ሁለት መልስ ቢሰጡሽ አንዳቸውም አልዋሹሽም። አንድ ቃል ለሁለት ነገር እየተጠቀሙ ነው።

ወደ ቅርፅ እንለፍ። እዚህ ጋ ትንሽ ታሪክ ያስፈልገናል። እስከ 1873 ድረስ የአንድን የነርቭ ሴል ሙሉ መልክ ማየት ፈተና ነበር። ቅርንጫፎቹ ከሌሎቹ ጋር ተጠላልፈው ጫካ ይሆናሉ። ሁሉንም ካቀለምሽ የምታዪው አንድ ጥቁር ድፍን ነገር ነው። በዚያ ዓመት ጣሊያናዊው ካሚሎ ጎልጂ የአንጎልን ቁራጭ በፖታሲየም ዳይክሮሜት አጠንክሮ ሲልቨር ናይትሬት ውስጥ የሚከትበትን ዘዴ አሳተመ። በዚህ ዘዴ ከብዙ ሴሎች መካከል ጥቂቶቹ ብቻ፣ ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ጠቁረው ይወጣሉ። የዘዴው ትልቅነት እዚህ ላይ ነው። ጥቂት ስለሆኑ አንዱን ከሌላው መለየት ተቻለ።

ጎልጂ ያየውን ለሁለት ከፈለ። በአንድ ወገን አክሰናቸው ሩቅ የሚሄድ፣ በሌላ ወገን አክሰናቸው እዚያው ሰፈር ውስጥ የሚበታተን። ይህ እስከ ዛሬ ይጠቅመናል። ግን አንድ እርምጃ አለፈና ረጅሞቹ የእንቅስቃሴ፣ አጭሮቹ የስሜት ናቸው ብሎ ገመተ። አልሆነም። ከመልክ ተነስቶ ሥራን መገመት ለመጀመሪያ ጊዜ ያሳሳተው ጎልጂን ነው ማለት ይቻላል፤ ከዚያ በኋላ ሁላችንንም ቢያንስ አንድ ጊዜ አሳስቶናል።

ስፔናዊው ሳንቲያጎ ራሞን ኢ ካሃል ዘዴውን በ1887 አይቶ ሙሉ ዕድሜውን ሰጠው። በ1906 ሁለቱ የኖቤል ሽልማት ተጋሩ። በሽልማቱ ሰሞን እንኳን አልተስማሙም። ጎልጂ ሴሎቹ አንድ የተያያዘ መረብ ናቸው አለ፤ ካሃል ደግሞ እያንዳንዱ ለብቻው የቆመ ሴል ነው አለ። ካሃል አሸነፈ። ለእኛ ጉዳይ ይህ መሠረት ነው። አንድ ነገር እንዲመደብ መጀመሪያ ለብቻው መቆም አለበት።

በቅርፅ አራት የተባልሽው፣ ከሴሉ አካል ስንት ክንድ ይወጣል በሚል ቆጠራ ነው። አንድ ክንድ ያለው ዩኒፖላር፣ ሁለት ያለው ባይፖላር፣ አንዱ ክንድ ወጣ ብሎ ለሁለት የሚከፈለው ሱዶዩኒፖላር፣ ብዙ ያለው መልቲፖላር። ለሬቲና (ብርሃን ለሚቀበለው የዓይን ሽፋን) እና ለቆዳ ስሜት ሴሎች ጥሩ ነው። አንጎል ውስጥ ግን ያው ጣጣ ይመጣል። አብዛኛው ሁሉ መልቲፖላር ይሆንብሻል።

የፑርኪንጄን መልክ ግን ዝም ብዬ ላልፈው አልችልም። በማይክሮስኮፕ ፊት ለፊት ስታዪው የተዘረጋ ትልቅ ዛፍ ነው። ከግንዱ ቅርንጫፍ፣ ከቅርንጫፉ ቀንበጥ፣ ከቀንበጡ እሾህ የሚመስሉ እልፍ ጉብታዎች። አሁን ያንኑ ዛፍ በጎኑ እዪው። ቀጭን መስመር ሆኖ ቁጭ! ሙሉ ዛፉ እንደ ማራገቢያ ጠፍጣፋ ነው። ምክንያት አለው። ግራኑል ሴሎች የሚባሉት ጥቃቅን ሴሎች አክሰናቸውን በዚህ ጠፍጣፋ ዛፍ ውስጥ ቀጥ አድርገው ያሳልፋሉ፤ በተደረደሩ ምሰሶዎች መካከል እንደሚያልፍ የስልክ ሽቦ። ዛፉ ጠፍጣፋ በመሆኑ በትንሽ ቦታ በጣም ብዙ ሽቦ ይነካል። አንድ ፑርኪንጄ ከ100,000 በላይ እንዲህ ያለ ግንኙነት ሊኖረው ይችላል። ከሌላ በኩል ደግሞ ከአንጎል ግንድ አንድ ወፍራም ጭረት ብቻ ይመጣና እንደ ሐረግ ይጠመጠምበታል። አንድ ብቻ!

ይህን ግዙፍ ዛፍ ያየ ሰው ሌሎችን የሚቀሰቅስ ጉልበተኛ ነው ብሎ ይገምታል። የፑርኪንጄ መልእክት ግን ጋባ የሚባለው ገቺ ኬሚካል ነው። ያገኘውን ሴል ያረግባል እንጂ አያነሳሳም።

እዚህ ላይ ሦስተኛው መለኪያ ገባ፤ ኬሚካሉ። በሴሬብራል ኮርቴክስ፣ ማለትም በትልቁ አንጎል ቅርፊት፣ ከአምስት ሴል አራቱ ገደማ ግሉታሜት የሚለቅቁ አነቃቂዎች ናቸው። አብዛኞቹ ፒራሚዳል ሴሎች ናቸው፤ አካላቸው ሦስት ማዕዘን ይመስላል። ቀሪው አንድ አምስተኛ ጋባ የሚለቅቅ ገቺ ነው። ዶፓሚን፣ ሴሮቶኒን፣ አሴቲልኮሊን የሚለቅቁት በቁጥር ጥቂት ሆነው አክሰናቸውን ግን ሩቅ ሩቅ ይበትናሉ። ይህ መለኪያ ቀላልና ጠንካራ ነው። ግን ፍጹም አይደለም። ከዶፓሚን ሴሎች መካከል ግሉታሜትንም አብረው የሚለቅቁ አሉ።

አራተኛው የእኔ ቤት ነው፤ ኤሌክትሪኩ። ብዙ ዓመት የተቀመጥኩት በዚህ ሥራ ስለሆነ ትንሽ ልዘግይበት።

አንድ ሦስተኛ ሚሊሜትር ገደማ ውፍረት ያለው የአይጥ አንጎል ቁራጭ በማይክሮስኮፕ ሥር አለ። ጫፏ አንድ ማይክሮሜትር ገደማ የሆነች የመስታወት ቱቦ ቀስ ብለሽ ወደ አንድ ሴል ታስጠጊያለሽ። ሽፋኑን ስትነኪው ትንሽ ረግረግ ይላል። በአፍሽ ቀስ ብለሽ ትስቢያለሽ። ሽፋኑ ከቱቦው ጫፍ ጋር ጥብቅ ብሎ ይጣበቃል። ትንሽ ጠንከር አድርገሽ ስትስቢ ይበሳል፤ ሴሉ ውስጥ ገባሽ። ኤርዊን ኔኸርና በርት ዛክማን የዚህን ዘዴ መሠረት በ1976 ጥለው በ1991 ኖቤል አግኝተውበታል። አሁን መሣሪያውን ከስፒከር ጋር አገናኚውና ትንሽ ኤሌክትሪክ ወደ ሴሉ ላኪ። ፒራሚዳል ከሆነ ጠቅ ጠቅ ጠቅ ብሎ ይጀምርና እየቆየ ይዘገያል። ጠቅ… ጠቅ… ጠቅ። ቀጥሎ ያለውን ትንሽ ክብ ሴል ስትይዢ ግን ስፒከሩ እንደ መርፌ መኪና ይንጣጣል። በሰከንድ መቶና ሁለት መቶ ጊዜ ይተኩሳል፤ አይደክመውም። ያኔ ስክሪኑን ሳላይ ምን እንደያዝኩ አውቃለሁ። በፍጥነት የሚተኩስ ገቺ ሴል ነው።

ለምን አይደክመውም? ኬቪ3 የሚባሉ የፖታሲየም በሮች በብዛት ስላሉት ነው። እነዚህ በሮች በፍጥነት ተከፍተው በፍጥነት ይዘጋሉ። አንዱ ምት ቶሎ ያበቃና ሴሉ ወዲያው ለሚቀጥለው ዝግጁ ይሆናል። የሚገርመው፣ በቱቦዋ በኩል ቀለም ጨምረሽ ቅርፁን ስታወጪ አክሰኑ ብዙ ጊዜ የፒራሚዳል ሴሎችን አካል እንደ ቅርጫት ከቦ ታገኚዋለሽ። ባስኬት ሴል ይሉታል። ውስጡ ደግሞ ፓርቫልቡሚን የተባለ ፕሮቲን አለው። ድምፁ፣ ቅርፁ፣ ፕሮቲኑ አንድ ላይ ገጠሙ።

አየሽ፣ ዋናው ነገር ይህ ነው። አንድ መለኪያ ብቻውን ዓይነት አይሠራም። ቅርፅ፣ ግንኙነት፣ ኤሌክትሪክና ጂን በየመንገዳቸው መጥተው አንድ ቡድን ላይ ሲገናኙ ያኔ እኔ ያለ ፍርሃት «ይህ ዓይነት ነው» እላለሁ። ካልተገናኙ ስም አወጣን እንጂ ዓይነት አላገኘንም።

ከዚያው ፓርቫልቡሚን ምሳሌ ልውሰድ። ሰዎች «የፓርቫልቡሚን ሴል» ሲሉ አንድ ዓይነት ይመስላል። ግን ሻንደሊየር የተባሉት ሴሎችም ብዙ ጊዜ ይህን ፕሮቲን ይይዛሉ። እነዚህ የፒራሚዳል ሴልን አካል አይከቡም። አክሰኑ የሚነሳበትን ቦታ፣ ማለትም ምት የሚወለድበትን ደጃፍ፣ በረድፍ ይይዛሉ። ማርቲኖቲ ሴሎች ደግሞ ሶማቶስታቲን ይዘው ወደ ላይኛው ሽፋን ይወጡና የቅርንጫፎቹን ጫፍ ያረግባሉ። ሦስቱም ጋባ ይለቅቃሉ። ግን አንዱ አካሉን፣ አንዱ ደጃፉን፣ አንዱ ጫፉን ይይዛል። ለፒራሚዳሉ ሴል ይህ የሰማይና የምድር ልዩነት ነው። አንድ ነገር ልጨምርልሽ፤ ፑርኪንጄም ፓርቫልቡሚን አለው። ስለዚህ ቦታውን ሳትናገሪ ፕሮቲኑን ብቻ መጥራት አያዋጣም።

አሁን ወደ 5,000ው። ባለፉት ዓመታት የአንድ ሴልን አርኤንኤ ለብቻው ማንበብ ተችሏል። አርኤንኤ ሴሉ በዚያ ሰዓት የትኞቹን ጂኖች እየተጠቀመ እንደሆነ ያሳያል። ሚሊዮን ሴሎችን አንብበሽ የሚመሳሰሉትን ኮምፒውተር አንድ ላይ እንዲያሰባስብ ታደርጊያለሽ። በ2023 በዚህ መንገድ የአይጥ ሙሉ አንጎል ካርታ ታተመ። አንቺ ያነበብሽው ቁጥር 5,322 ነው። ግን ያው ጽሑፍ 34፣ 338 እና 1,201 የሚሉ ቁጥሮችም አሉት። አራቱም ልክ ናቸው። ከላይ 34 ትላልቅ ክፍሎች አሉ፣ ወደ ታች እየተከፋፈሉ 5,322 ይደርሳሉ። ደግሞም ሁሉም የነርቭ ሴሎች አይደሉም፤ ግሊያ የተባሉት ደጋፊ ሴሎችና የደም ሥር ሴሎችም አሉበት። በዚያው ዓመት ለሰው አንጎል የወጣው ካርታ 461 ትላልቅ ስብስቦችን ለይቶ፣ እነሱን ከ3,000 በላይ ንዑሳን አድርጎ ከፋፈለ።

ከነዚህ ካርታዎች እኔን ያስደነቀኝ ቁጥሩ አይደለም። ቦታው ነው። የሰው ሴሬቤለም ወደ 69 ቢሊዮን የነርቭ ሴሎች አሉት፤ ከመላው አንጎል አራት አምስተኛው እጅ ገደማ እዚያ ነው። ግን የዓይነቱ ብዛት ጥቂት ነው፤ አብዛኛው ያው ግራኑል ሴል ነው። ሃይፖታላመስና የአንጎል ግንድ ግን ትንሽ ሆነው ዓይነታቸው ተቆጥሮ አያልቅም። ረሃብን፣ ጥማትን፣ እንቅልፍን፣ ትንፋሽን የሚመሩ ጥቃቅን ቡድኖች እዚያ ታጭቀዋል። ብዙ ሆኖ አንድ ዓይነት መሆን፣ ጥቂት ሆኖ ብዙ ዓይነት መሆን ይቻላል። ብልሃት ሁሉ ኮርቴክስ ላይ ነው ብለው ለሚያስቡ ሰዎች ይህን ብነግራቸው ደስ ይለኛል።

5,322ቱን ግን እንደ ዝርያ ስም አትያዢ። ስብስብ ማለት ኮምፒውተሩ የት ላይ እንደቆረጠ ነው። ጠበቅ ብታደርጊው ይበዛል፣ ላላ ብታደርጊው ያንሳል። አርኤንኤ ደግሞ እንደ ሁኔታው ይለዋወጣል። ብዙ የተኮሰ ሴልና ያረፈ ሴል አንድ ዓይነት ሆነው ሳለ ንባባቸው ሊለያይ ይችላል። ይህን ለመፈተሽ ከ2016 ጀምሮ የሚሠራበት ፓች-ሴክ የሚባል ዘዴ አለ። ቅድም በነገርኩሽ ቱቦ መጀመሪያ ኤሌክትሪኩን ትቀጂያለሽ፣ ቀለሙን ትጨምሪያለሽ፣ በመጨረሻ የሴሉን ውስጥ ስበሽ አውጥተሽ አርኤንኤውን ታነቢያለሽ። ሁሉም ከአንድ ሴል! በ2021 ከአይጥ የእንቅስቃሴ ኮርቴክስ ከ1,300 በላይ ሴሎች በዚህ መንገድ ተጠኑ። ትላልቆቹ ቤተሰቦች በሁሉም መለኪያ ተለያይተው ቆሙ። በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ክፍሎች ግን በቅርፅና በኤሌክትሪክ ድንበር አልነበራቸውም። እንደ ቀስተ ደመና ቀለም አንዱ ወደ ሌላው ይሸጋገራል። ቀይና ሰማያዊ መኖራቸው እውነት ነው። ቀዩ የት እንዳበቃ ግን መስመር አታገኚም።

«ታዲያ ዓይነት የሚባል ነገር የእኛ ፈጠራ ነው?» ብትይኝ፣ አይደለም። ማስረጃዬ ሬቲና ነው። እዚያ አንድ ዓይነት የሆኑ ሴሎች እርስ በርሳቸው ርቀት ጠብቀው በመላው ሬቲና ላይ ይነጠፋሉ። አጠገባቸው ሌላ ዓይነት ቢቀመጥ ግድ የላቸውም፤ የራሳቸው ቢጠጋ ግን አይሆንም። ስለዚህ ሴሎቹ ወገናቸውን ያውቃሉ ማለት ነው። እኛ ስም ከማውጣታችን በፊት እነሱ ተለያይተዋል። በ2016 በአይጥ ሬቲና ባይፖላር ሴሎች በጂን ተለይተው 15 ዓይነት ሆነው ሲገኙ ቀደም ብሎ በቅርፅ ከተለዩት ጋር በደንብ ገጠሙ። ባይፖላር ተብሎ በአራቱ ውስጥ አንድ ሳጥን የተሰጠው ሴል፣ እዚያች ቀጭን ሽፋን ውስጥ ብቻ 15 ሆነ።

ትናንሽ እንስሳት ላይ ደግሞ ጉዳዩ ይጠራል። ሲ ኤለጋንስ የተባለችው ትል 302 የነርቭ ሴሎች አሏት። በ1986 ሽቦዋ በሙሉ ሲታተም 118 ክፍል ሆነው ተመደቡ። በ2024 የወጣው የፍራፍሬ ዝንብ ካርታ ወደ 139,000 ሴሎችን ይዞ ከ8,400 በላይ ዓይነት ለየ። ከእነዚህ ብዙዎቹ በግራ አንድ፣ በቀኝ አንድ ሴል ብቻ ናቸው።

ይህ ሁሉ ለታካሚ ምን ያደርጋል? ሐኪም ስለምትሆኚ አንድ ነገር ልንገርሽ። ድራቬ ሲንድሮም የሚባል ከባድ የልጆች የሚጥል በሽታ አለ። በአብዛኞቹ ልጆች ላይ ምክንያቱ ኤስሲኤን1ኤ የተባለው ጂን መጎዳት ነው። ይህ ጂን የሚሠራው የሶዲየም በር ሴሎች እንዲተኩሱ ይረዳል። በሩ ከተበላሸ አንጎል መቀዝቀዝ ነበረበት፣ አይደለም እንዴ? ለምን ይንቀጠቀጣሉ? መልሱ የሴል ዓይነት ውስጥ ነው። በዚያ በር በጣም የሚተማመኑት ገቺ ሴሎች ናቸው፤ ስፒከሬ ላይ የሚንጣጡት እነዚያ። እነሱ ሲደክሙ አነቃቂዎቹን የሚይዝ ይጠፋል። የሶዲየም በር የሚዘጉ አንዳንድ የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች እነዚህን ልጆች የሚያባብሱትም ለዚህ ነው። «የነርቭ ሴል» ብለሽ በጅምላ ካሰብሽ ይህ እንቆቅልሽ ሆኖ ይቀራል።

ፓርኪንሰንም እንዲሁ ነው። ዶፓሚን የሚለቅቅ ሁሉ እኩል አይጎዳም። ሰብስታንሺያ ናይግራ በተባለው የአንጎል ክፍል ያሉት ቀድመው ይሞታሉ፣ ጎረቤቱ በሆነው በቬንትራል ቴግመንታል ክፍል ያሉት የተሻለ ይቆያሉ። ጡንቻ አንቀሳቃሽ ሴሎችን በሚገድለው ኤኤልኤስ በተባለው በሽታ ደግሞ እጅና እግርን የሚያዙት አንቀሳቃሾች ሲረግፉ ዓይንን የሚያዞሩት ብዙ ጊዜ ይተርፋሉ። በሦስቱ ክፍፍል ሁለቱም «አንቀሳቃሽ» ናቸው። በሽታው ግን ይለያቸዋል።

እንግዲህ ለፈተናሽ። ምርጫ ሆኖ «ስሜት ተቀባይ፣ አንቀሳቃሽ ወይስ አገናኝ» ከመጣ ፑርኪንጄን አገናኝ ብለሽ እለፊ። በቅርፅ ከተጠየቅሽ መልቲፖላር ነው። «ግለጪ» ከተባልሽ ግን መለኪያውን እየጠራሽ ጻፊ፦ ቦታው የሴሬቤለም ቅርፊት፣ ከግራኑል ሴሎቹ ሽፋን በላይ በአንድ ረድፍ። ቅርፁ ጠፍጣፋ ዛፍ። የሚቀበለው ከግራኑል ሴሎች እልፍ ቀጭን ጭረት፣ ከአንጎል ግንድ አንድ ጠምጣሚ ጭረት፣ ከጎረቤት ገቺዎችም። የሚልከው ወደ ሴሬቤለም ጥልቅ ኒውክሊየሶች (የነርቭ ሴል ስብስቦች)፣ ጥቂቱን ወደ ሚዛን ኒውክሊየሶች። ኬሚካሉ ጋባ። ኤሌክትሪኩ ማንም ሳይቀሰቅሰው በሰከንድ በአሥሮች የሚቆጠር ምት፣ ጠምጣሚው ጭረት ሲነካው ደግሞ አንድ ትልቅ ውስብስብ ምት።